ድምሩና ዝርዝሩ፦ የቃላት ንጽጽር ቆጠራ ታሪክ በካርቱምና በአዲስ አበባ መካከል

የቃላት ስታቲስቲክስ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚደመደመው በአንድ ባለሦስት ማዕዘን ሰንጠረዥ ነው። የቋንቋዎቹ ስሞች በጎንና በግርጌ ይሰለፋሉ፤ ሁለት ስሞች በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ መቶኛ ይጻፋል። ሰንጠረዡ ሙሉ አራት ማዕዘን ያልሆነው ኑብኛን ከዲንካ ጋር ማነጻጸርና ዲንካን ከኑብኛ ጋር ማነጻጸር አንድ ሥራ ስለ ሆነ ነው። አንባቢ ሰንጠረዡን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በቁጥሮቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ግን የመቶ ያህል ትናንሽ ፍርዶች ድምር ነው፤ ፍርዶቹም ከድምሩ ጋር አብረው የሚታተሙት ከስንት አንዴ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ በሱዳንና በኢትዮጵያ የተካሄደውን የቋንቋ ምደባ ታሪክ ለመመዘን፣ እነዚህ ፍርዶች ምን ያህል እንደ ነበሩ፣ ቁጥራቸውን ምን እንደ ወሰነውና ዝርዝራቸው ምን እንደሚሆን መመርመር ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሬጃፍ እስከ አዲስ አበባ

የሱዳን ቋንቋዎች ከመነጻጸራቸው በፊት ተመርጠው ነበር። በ1928 ዓ.ም. በካርቱም ተቀማጭ የነበረው የቅኝ ግዛት መንግሥት በደቡቧ ከተማ በሬጃፍ የቋንቋ ጉባኤ ሰበሰበ። ጉባኤው ለትምህርት አገልግሎት እንዲውሉ ዘጠኝ ቋንቋዎችን መረጠ፤ እነርሱም ዲንካ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ሎቱኮ፣ ሺሉክ፣ ዛንዴ፣ ክሬሽ፣ ንዶጎና ሞሩ ነበሩ። ጥያቄው አስተዳደራዊ ነበር፤ መጽሐፍ የሚዘጋጅላቸውንና ፊደል የሚቀረጽላቸውን ቋንቋዎች መወሰን ነበር ዓላማው። ዘጠኝ ቋንቋዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢነጻጸሩ 36 ጥንዶች ይወጣሉ፤ ለአንድ አጥኚ የሚቻል ሥራ ነው። ከምርጫው ውጭ የቀሩትን ሁሉ ለመጨመር ቢሞከር ግን የሥራው መጠን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሱዳን በ1955 እና 1956 ያካሄደችው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ በላይ ቋንቋዎችን መዝግቧል።

ቆጠራው በተፈጸመበት በ1956 ሱዳን ነጻነቷን አወጀች፤ በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው የሱዳን ጥናት ክፍል በ1972 ወደ አፍሪካና እስያ ጥናት ተቋም አደገ። በተቋሙ ዙሪያ በ1970ዎቹ የተካሄደው፣ ብዮርን ዬርኑድ የተሳተፈበት የሱዳን ቋንቋዎች ዳሰሳ፣ በትምህርት ቤቶች መጠይቅ በመበተን ጀመረ። ተማሪው በቤቱ፣ በገበያና በትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ይጠየቅ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ1968 እና 1969 የቋንቋ ዳሰሳ ተካሄደ፤ ውጤቱም በ1976 በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን አዘጋጅነት በመጽሐፍ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1971፣ ሊዮኔል ቤንደር የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በቃላት ስታቲስቲክስ መድቦ አሳትሞ ነበር። የተጠቀመበት የቃላት ዝርዝር 98 ትርጉሞችን የያዘ ነበር። የዝርዝሩ አያት ሞሪስ ስዋዴሽ ነው፤ ስዋዴሽ በ1952 ያቀረበውን የ200 ቃላት ዝርዝር በ1955 ወደ 100 አሳንሶት ነበር። ማሳነሱ የተፈለገው ለባህል ለውጥ የተጋለጡትን ቃላት ለማስወገድ ነው፤ የአነጻጻሪውን ድካም በግማሽ መቀነሱም አብሮ የመጣ ውጤት ነበር።

ሦስቱ ዑደቶች

የሁለቱ አገሮች ጥናቶች መጠሪያቸው ተመሳሳይ ቢሆንም የሥራቸው አወቃቀር ይለያያል። መጠይቅ የሚበትን ዳሰሳ ሁለት ዑደቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ተጠያቂ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ይጠይቃል። ሥራው የተጠያቂዎቹና የጥያቄዎቹ ብዜት ነው። ተጠያቂው በእጥፍ ሲጨምር ሥራው በእጥፍ ይጨምራል፤ ከዚያ አያልፍም።

የቃላት ንጽጽር ግን ሦስት ዑደቶች አሉት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ትእዛዙ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ ለእያንዳንዱ ቋንቋ፤ በተራው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ፤ በዝርዝሩ ላለ ለእያንዳንዱ ትርጉም፤ ሁለቱ ቃላት መነሻቸው አንድ መሆን አለመሆኑን ፍረድ። በሦስቱም ዑደቶች ውስጥ የሚገኘው የመጨረሻው ትእዛዝ፣ «ፍረድ» የሚለው፣ ስንት ጊዜ ይፈጸማል? ይህን ለማወቅ ሁሉንም እየፈጸሙ መቁጠር አያስፈልግም፤ መደመር ይበቃል። ቋንቋዎቹ አራት ቢሆኑ የመጀመሪያው ከሦስት ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለተኛው ከቀሩት ሁለት ጋር፤ ሦስተኛው ከአንድ ጋር፤ አራተኛው ሁሉም ስለ ደረሱበት አዲስ ሥራ የለውም። ድምሩ 3+2+1፣ ማለትም 6 ነው። የልሳኖች ቁጥር «ል»፣ የቃላት ቁጥር «ቃ» ቢባል፣ የጥንዶቹ ብዛት ከ1 እስከ ል−1 ያሉት ቁጥሮች ድምር፣ ማለትም ል×(ል−1)÷2 ይሆናል፤ የፍርዶቹ ብዛትም ይኸው ድምር በቃ ተባዝቶ ይገኛል።

በድምር የመቁጠር ጥበብ ከቋንቋ ጥናት ይልቅ የቆየ ነው። ሌዎንሃርድ ኦይለር ሲግማ የተባለችውን የግሪክ ፊደል የድምር ምልክት አድርጎ የተጠቀመባት በ1755 ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጸም በድምር የማስላትን ልማድ ያጸናው የዶናልድ ክኑት መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ የታተመው በ1968 ነው፤ የኢትዮጵያው የቋንቋ ዳሰሳ በተጀመረበት ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ የተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ቢሆኑም የሚቆጥሩት የሥራ ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው።

ድምሩ የሚናገረው ነገር ቀላል አይደለም። በ100 ቃላት ዝርዝር አሥር ቋንቋዎችን ለማነጻጸር 45 ጥንዶች፣ ስለዚህ 4,500 ፍርዶች ያስፈልጋሉ። ሃያ ቋንቋዎች 19,000 ፍርዶችን፣ አርባ ቋንቋዎች 78,000 ፍርዶችን፣ መቶ ቋንቋዎች ደግሞ 495,000 ፍርዶችን ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ፍርድ ግማሽ ደቂቃ ቢበቃ እንኳ የአሥሩ ቋንቋዎች ሥራ በአምስት ቀን ገደማ ሲያልቅ የመቶዎቹ ግን በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ515 ቀናት በላይ ይወስዳል። ቋንቋዎቹ በአሥር እጥፍ ጨመሩ፤ ሥራው ከመቶ እጥፍ በላይ ጨመረ። ለአንድ ትርጉም ሁለት ሁለት ቃላት ከተመዘገቡና ሁሉም እርስ በርሳቸው ከተነጻጸሩ ደግሞ ለአንድ ትርጉም የሚሰጠው ፍርድ አራት ስለሚሆን ይኸው ቁጥር እንደገና በአራት ይባዛል።

ይህ ሒሳብ የመጨረሻ ሆኖ የሚመዘገበውን ቋንቋ ይበድላል። መቶ ቋንቋዎች ከተነጻጸሩ በኋላ አንድ መቶ አንደኛ ቋንቋ ቢገኝ የሚያስከትለው ሥራ የአንድ ቋንቋ ሥራ አይደለም፤ ከቀደሙት ከመቶዎቹ ሁሉ ጋር መነጻጸር ስላለበት 10,000 አዲስ ፍርዶችን ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋንቋዎች 100 ፍርዶች ብቻ በቂያቸው ነበሩ። ዘግይተው የሚመዘገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪያቸው ጥቂት፣ መንገዳቸው ሩቅ የሆኑት ናቸው። እንዲህ ያለ ቋንቋ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ተነጻጽሮ በጎረቤቱ ቅርንጫፍ ሥር ሲመደብ ቢገኝ፣ ከዝምድናው ይልቅ የአጥኚው ጊዜ እንደ ወሰነው መጠርጠር ተገቢ ነው።

ድንበሩ የቆረጣቸው ጥንዶች

ዑደት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ወሰን አለው። በአፍሪካ ቀንድና በናይል ሸለቆ የቋንቋ ጥናት ውስጥ ይህን ወሰን ብዙ ጊዜ ያሰመረው የአገር ድንበር ነው፤ አንዱ ዳሰሳ የኢትዮጵያ፣ ሌላው የሱዳን ተብሎ ተሰየመ። ቤርታና ጉሙዝ ግን በሁለቱም ወገን ይነገራሉ።

የወሰኑ ዋጋ በድምር ሊሰላ ይችላል። መቶ ቋንቋዎች አምሳ አምሳ ሆነው በድንበር ተከፍለው፣ ሁለት ጥናቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አምሳ ፈጽመው ቢያነጻጽሩ፣ እያንዳንዱ ጥናት 1,225 ጥንዶችን፣ ሁለቱ በአንድነት 2,450 ጥንዶችን ይሸፍናሉ። መቶዎቹ በአንድነት ቢነጻጸሩ ግን ጥንዶቹ 4,950 ናቸው። ሁለቱም አጥኚዎች ሥራቸውን ያለ አንዳች ጉድለት ፈጽመው ሳለ 2,500 ጥንዶች፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ በማንም ሳይታዩ ይቀራሉ። ቋንቋዎቹ ሁሉ ስለ ተመዘገቡ ጉድለቱ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ አይታይም፤ የጠፋው በቋንቋዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ይህን ወሰን ለመሻገር የሞከሩ ነበሩ። ታከርና ብራያን በ1956 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ባንቱ ያልሆኑ ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ አሰባሰቡ። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 የአፍሪካን ቋንቋዎች በአራት ታላላቅ ቤተሰቦች ሲመድብ የተከተለው መንገድ የሦስቱን ዑደቶች ሸክም የሚያቃልል ነበር፤ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻ ከመለካት ይልቅ አንድን ትርጉም ይዞ በብዙ ቋንቋዎች ላይ በአንድ እይታ ይመለከት ነበር። መቶ ቋንቋዎች በመቶ ቃላት ሲታዩ የሚነበቡት ቃላት 10,000 ናቸው እንጂ 495,000 አይደሉም። ፍጥነቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ስለ ድምፅ ተዛምዶ የሚነሣው ክርክር የግሪንበርግን ምደባ ከዚያ ወዲህ አልተለየውም። ቤንደርም ከኢትዮጵያ ወሰን ወጥቶ በናይል ሰሃራ ቋንቋዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ አጠቃላይ የንጽጽር መጽሐፉንም በ1990ዎቹ አውጥቷል።

የአንዲት ፍርድ ክብደት

የኮምፒውተር ሊቃውንት ትእዛዝን ሲቆጥሩ አንድ ትእዛዝ በተፈጸመ ቁጥር የሚወስደው ጊዜ አንድ ዓይነት እንደ ሆነ ይወስዳሉ። በቋንቋ ንጽጽር ውስጥ ግን «ፍረድ» የሚለው ትእዛዝ አንዴ ዓይን እስኪጨፈን ያህል ጊዜ፣ አንዴ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ለማሳያ አራት ቋንቋዎችና አምስት ትርጉሞች ይበቃሉ። ቋንቋዎቹ ግእዝ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ ይሁኑ፤ ጥንዶቹ 6፣ ፍርዶቹ 30 ይሆናሉ።

«ስም» በሦስቱ ኢትዮጵያውያን ቋንቋዎች ስም፣ በዐረብኛ ኢስም ነው፤ «ደም» በአራቱም ደም ነው። ስድስቱም ጥንዶች በሁለቱ ቃላት ይዛመዳሉ፤ ፍርዱ አያደክምም። «ውኃ» በግእዝና በትግርኛ ማይ፣ በዐረብኛ ማእ ነው፤ አማርኛ ብቻውን ይቀራል። «ውሻ» በግእዝ ከልብ፣ በትግርኛ ከልቢ፣ በዐረብኛ ከልብ ነው፤ አማርኛ እንደገና ብቻውን ነው። አምስተኛው «አጥንት» ነው። ግእዝ ዐጽም፣ ትግርኛ ዓጽሚ፣ ዐረብኛ ዐዝም ይላሉ። አማርኛው አጥንት ከእነዚህ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ? የ«ጽ»ን ወደ «ጥ» መለወጥ፣ የ«ም»ን በ«ት» ፊት «ን» መሆንና የመጨረሻዋን «ት» ቅጥያነት የሚያውቅ ሰው ተዛማጅ ነው ይላል። ፊደሉን በዓይን ብቻ የሚያስተያይ ወይም ለመፍረድ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ግን አይደለም ሊል ይችላል።

የዚህች አንዲት ፍርድ ውጤት በሦስት ሳጥኖች ላይ ይታያል። አጥንት ተዛማጅ ከተባለ አማርኛ ከሦስቱም ጋር 60 በመቶ ይዛመዳል፤ ካልተባለ 40 በመቶ። ከዚህም በላይ፣ በዚህች ትንሽ ዝርዝር መሠረት ግእዝ ከዐረብኛ ጋር 100 በመቶ፣ ከአማርኛ ጋር ቢበዛ 60 በመቶ ይዛመዳል። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚመራ ሰው አማርኛን ከኢትዮ-ሴማዊ ቤት አውጥቶ ግእዝን በዐረብኛ ሥር ያስገባ ነበር። ስሕተቱ ከመደመሩ የመጣ አይደለም፤ ድምሩ ትክክል ነው። የተሳሳተው ዝርዝሩ አጭር መሆኑና ድምሩ የትኞቹ ቃላት እንደ ተለወጡ አለመናገሩ ነው።

ኖቢንና ዶንጎላዊ

ይኸው ችግር በትልቅ መጠን የታየው በናይል ዳር ባሉት የኑቢያ ቋንቋዎች ጥናት ነው። በሱዳን ቋንቋዎች ላይ የሠራው ሮቢን ቴልዎል በ1975 በፈረንሳይ ሻንቲዪ በተካሄደው የኑቢያ ጥናት ጉባኤ ላይ ኑብኛን፣ ዳጁንና ዲንካን በቃላት ስታቲስቲክስ አነጻጽሮ አቅርቧል። ከኑቢያ ቋንቋዎች መካከል በናይል ዳር የሚነገሩት ኖቢንና ዶንጎላዊ በጎረቤትነትም በቃላትም ተቀራራቢ ናቸው፤ በመቶኛ ሲለኩም አንድ ቅርንጫፍ መስለው ይታያሉ።

ማሪያኔ ቤክሃውስ-ጌርስት በ1980ዎቹ ወደ ቃላቱ ዝርዝር ተመልሳ ሌላ ነገር አየች። የጋራ የሆኑት ቃላት ብዛት ሳይሆን የጋራ ያልሆኑት ማንነት ነበር ጥያቄዋ። ኖቢን ውኃን «አማን» ሲል ዶንጎላዊ «ኤሲ» ይላል፤ ውሻን ኖቢን «ሙግ»፣ ዶንጎላዊ «ወል» ይለዋል። እንዲህ ባሉ መሠረታዊ ትርጉሞች ኖቢን ከዶንጎላዊ ብቻ ሳይሆን ከኮርዶፋን የኑቢያ ቋንቋዎችም ይለያል፤ ዶንጎላዊ ግን በብዙዎቹ ከኮርዶፋኖቹ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ኖቢን አስቀድሞ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው፣ ከዶንጎላዊ ጋር ያለው መመሳሰልም የረጅም ዘመን ጉርብትና ያመጣው ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰች። ክሎድ ሪሊ ደግሞ ስለ መርዌ ቋንቋ በ2010 ባሳተመው ሥራ ያንኑ ዝርዝር በሌላ መንገድ አነበበው፤ ኖቢን በእርግጥም ለዶንጎላዊ ቅርብ ነው፣ እንግዶቹ ቃላት ግን ኑቢያውያን ከመምጣታቸው በፊት በስፍራው ይነገር ከነበረ ሌላ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው አለ።

ክርክሩን ለማካሄድ ያስቻለው መቶኛው አልነበረም። መቶኛው ለሁለቱም ሊቃውንት አንድ ነው፤ በእርሱ ብቻ ቢሆን አንዱ ሌላውን ሊሞግት አይችልም ነበር። አንድ ድምር ወደ መጣበት ዝርዝር ወደ ኋላ አይመለስም። ከአምስት ቃላት ሦስቱ ይዛመዳሉ የሚል ቁጥር ከአሥር የተለያዩ ዝርዝሮች ሊገኝ ይችላል፤ ከመቶ አርባ የሚል ቁጥር ከስንት ዝርዝር ሊመጣ እንደሚችል ለመጻፍ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ አኃዝ ያስፈልጋል።

የቀረው ምንድን ነው?

መፍትሔው ከድምሩ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ጥንድ በጥንድ ከመፍረድ ይልቅ በእያንዳንዱ ትርጉም ሥር ለእያንዳንዱ ቋንቋ ቃል የመደብ ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ ማይ፣ ማይና ማእ 1፣ ውኃ 2 እየተባለ። በአራቱ ቋንቋዎችና በአምስቱ ትርጉሞች የአጥኚው ውሳኔ ከ30 ወደ 20 ይወርዳል፤ በመቶ ቋንቋዎችና በመቶ ቃላት ከ495,000 ወደ 10,000 ይወርዳል። ጥንዶቹን የማነጻጸሩ ሥራ ለኮምፒውተር ይተዋል፤ ለኮምፒውተር ግማሽ ሚሊዮን ንጽጽር ቅጽበት ነው። አጥኚው በእያንዳንዱ ቃል ላይ የሚያስብበት ጊዜ ያተርፋል፤ ውሳኔዎቹም በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግተው ሌላ ሰው ሊያርማቸው ይችላል። አጥንት በስሕተት 2 ተብሎ ከሆነ አንዱን ቁጥር ወደ 1 መለወጥ ሦስቱንም ሳጥኖች ያስተካክላል። ለአዲስ ተመዝጋቢው ቋንቋም ሸክሙ ይቀልላል፤ 10,000 ፍርዶች መሆናቸው ቀርቶ 100 ብቻ ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ግን ዝርዝሩ እስካለ ድረስ ነው። ቴልዎል በ1977 ያሳተመው የቢርጊድ የቃላት ዝርዝር ለዚህ ምስክር ነው። ቢርጊድ በዳርፉር ይነገር የነበረ የኑቢያ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ቃላቱ ራሳቸው ስለ ታተሙ ማንኛውም አጥኚ ቢርጊድን ከኖቢንም ከዶንጎላዊም ጋር እንደገና ማነጻጸር ይችላል። የታተመው መቶኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ሊጠይቀው የማይችል ቁጥር ሆኖ በቀረ ነበር።

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም የጦር ሜዳ ሆነች። በቀጣዩ ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የታተመ ሰንጠረዥ በለንደን፣ በካይሮና በአዲስ አበባ መደርደሪያዎች ላይ ቅጂ ስላለው ከእንዲህ ያለ እሳት ይተርፋል። በእጅ የተጻፈ የመስክ ደብተርና አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ካሴት ግን አይተርፉም። የሚጠፋው ሁልጊዜ ከዑደቶቹ ሁሉ ውስጥ የነበረው፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበት ክፍል ነው፤ የሚተርፈው ድምሩ ነው። የሁለቱ አገሮች የቋንቋ ጥናት የግማሽ ምእተ ዓመት ታሪክ ለባሕር ዳር፣ ለጎንደር፣ ለአሶሳም ሆነ ለካርቱም ተመራማሪ የሚያስተላልፈው ውርስ ይኸው ነው፦ ሰንጠረዡ በሁለት ገጽ ከታተመ፣ ቃላቱና የመደብ ቁጥራቸው በሃያ ገጽ አብረው ይታተሙ። ሃያው ገጽ በእጅ ካለ ሁለቱን ገጽ ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ መልሶ ሊያሰላቸው ይችላል፤ ከሁለቱ ገጽ ሃያውን የሚያወጣ ስሌት ግን የለም።